የነዳጅ ክዳኑ በየት በኩል ነው? ለአንዲት አዲስ የቪትዝ ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው እንዲህ ይላል፦ «ጋሼ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሁለት ወር በፊት ያገለገለች ቪትዝ ገዛሁ። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ ገና ዓመቴ ነው። ማደያ በገባሁ ቁጥር የምቆመው በተሳሳተው ጎን ነው። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሰዓት በላይ ተሰልፌ፣ ተራዬ ሲደርስ ቀጂው ‹ዞረሽ ነይ› አለኝ። ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጡሩንባውን ለቀቀው። እንባዬ መጣ። ክዳኑ በየት በኩል እንዳለ ከመኪና ሳልወርድ የማውቅበት መንገድ አለ? ለምንስ የሁሉም መኪና በአንድ በኩል አይሆንም? ደግሞ የክዳኑ መክፈቻ ከእኔ ወንበር ጎን ሳይሆን ከተሳፋሪው ወንበር ጎን ነው። ይሄስ ደህና ነው?»

እህቴ፣ መጀመሪያ አጭሩን ልመልስልሽ። የቪትዝ የነዳጅ ክዳን በግራ ነው፣ ከኋላው ጎማ በላይ። ግራ ስል መሪ ይዘሽ ወደ ፊት እያየሽ በግራ እጅሽ በኩል ማለቴ ነው። ይህን የምለው በምክንያት ነው። ሰው ከመኪናው ፊት ለፊት ቆሞ «ግራ» ሲል የሚያሳየው የመኪናውን ቀኝ ነው። ጋራዥ ውስጥ በዚህ የተነሳ የተሳሳተ ዕቃ ተገዝቶ ሲመለስ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። የመኪና ግራና ቀኝ ሁልጊዜ የሚቆጠረው ከሹፌሩ ወንበር ነው።

ስለዚህ ማደያ ስትገቢ ማሽኑ በመስኮትሽ በኩል ይሁን። ቀጂውን በራስሽ መስኮት አንገትሽን ሳታዞሪ የምታናግሪው ከሆነ ልክ ቆመሻል ማለት ነው። ለአንቺ መኪና ከዚህ ሌላ ነገር ማስታወስ አያስፈልግሽም።

ነገ ደግሞ የወንድምሽን ወይም የመሥሪያ ቤት መኪና ትይዢ ይሆናል። ያን ጊዜ ዳሽቦርዱ ላይ የነዳጅ ጌጁን፣ ማለትም ስንት ነዳጅ እንደቀረ የሚያሳየውን፣ እዪ። የማደያ ማሽን የምትመስል ትንሽ ሥዕል አለች። ከአጠገቧ አንዲት ትንሽ ሦስት ማዕዘን ቀስት ካለች፣ ቀስቷ ያመለከተችበት ጎን ክዳኑ ያለበት ነው። በቃ። ሃያ ዓመት የነዱ ሰዎች ይህችን ቀስት ሳሳያቸው «እዚህ ነበረች እንዴ?» ይሉኛል። የመንጃ ፈቃድ ትምህርት ላይ በመጀመሪያው ቀን መነገር የነበረባት ነገር ናት ብዬ አምናለሁ።

አንድ የተሳሳተ ወሬ አለ፤ እሱን ላጥፋልሽ። «የማሽኗ ሥዕል ላይ ቱቦዋ በየት በኩል እንደተሳለች እይ፣ ክዳኑ በዚያ በኩል ነው» የሚሉ አሉ። እውነት አይደለም። ሥዕሏ በአብዛኛው መኪና ላይ ያው አንድ ዓይነት ናት፣ ቱቦዋም ስለ ጎን የምትናገረው ነገር የለም። የምትታመነው ቀስቷ ብቻ ናት። የቆዩ መኪኖች ላይ ቀስቷ ጭራሽ ላትኖር ትችላለች። ያን ጊዜ መኪናውን ስትረከቢ አንዴ ዞር ዞር ብለሽ እዪው፤ በስልክሽ ፎቶ አንሺው። እኔ ደንበኛ መኪና ሲሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራዬ ይሄ ነው።

የቀስቷ ታሪክ ደስ ስለሚለኝ ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1986 ጄምስ ሞይላን የሚባል የፎርድ ኩባንያ ባለሙያ የድርጅቱን መኪና ይዞ ይወጣል። ቀኑ ዝናብ ነው። ነዳጅ ለመቅዳት ይቆምና በተሳሳተው ጎን መቆሙን ያያል። መኪናውን እንደገና አዙሮ እስኪቀዳ ድረስ ዝናቡ አበሰበሰው። አንቺ እንባሽ እንደመጣው ማለት ነው። እሱ ቢሮ ገብቶ ለአለቆቹ ሐሳብ ጻፈ፤ ሹፌሩ ከወንበሩ ሳይነሳ ጎኑን የሚያውቅበት ትንሽ ምልክት ጌጁ አጠገብ ይደረግ አለ። ሐሳቡ ተቀባይነት አገኘ። ቀስቷ በ1989 ሞዴል የፎርድ መኪኖች ላይ ወጣች። ከዚያ ሌሎቹም ኩባንያዎች አንድ በአንድ ያዙት። ዛሬ በእንግሊዝኛ የሞይላን ቀስት ተብላ በስሙ ትጠራለች። አንድ የረጠበ ሰው ለዓለም ሹፌር ሁሉ የሠራው ውለታ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄሽ ልምጣ፤ ለምን አንድ ዓይነት አይሆንም?

ክዳኑ በግራ ይሁን በቀኝ ብሎ ኩባንያዎችን የሚያስገድድ ዓለም አቀፍ ሕግ የለም። ድሮ ጎን ላይ መሆኑ ራሱ ግዴታ አልነበረም። ብዙ የአሜሪካ መኪኖች ነዳጅ የሚቀዳላቸው ከኋላ፣ ታርጋውን ገልብጦ ነበር። የ1956 ሞዴል ሸቭሮሌ ደግሞ ክዳኑን የደበቀው በግራው የኋላ መብራት ውስጥ ነው። የማያውቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢፈልግ አያገኘውም። እኛ አገር ሁሉም የሚያውቃት ቮልስ ሞተሯ ከኋላ፣ ታንከሯ ከፊት ነው። የቀደሙት ቮልሶች ነዳጅ ለመቅዳት የፊት ኮፈናቸው ይከፈት ነበር። ከ1968 ሞዴል ጀምሮ ግን በቀኙ የፊት ፓራፋንጎ (ከጎማው በላይ ባለው ቆርቆሮ) ላይ የራሷ ትንሽ በር ተሠራላት። ሰማያዊና ነጭ ላዳ ታክሲ የነዳ ሰው ደግሞ የእሷ በቀኝ ከኋላ እንደሆነ ያስታውሳል። ታንከሯ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ በቀኝ በኩል ስለተቀመጠ ነው።

ከኋላ መቅዳት የቀረው በአደጋ ምክንያት ነው። ከኋላ የተገጨ መኪና ታንከሩ ወይም ነዳጅ የሚገባበት አንገቱ ተሰንጥቆ ነዳጅ ያፈሳል፤ ቀጥሎ እሳት ነው። አሜሪካ ከ1977 ሞዴል ጀምሮ መኪኖች ከኋላ ተገጭተው ነዳጅ እንዳያፈሱ የሚፈትን ደንብ አጠናከረች። እየቆየ ታንከሩ ከኋላው ወንበር ሥር፣ ከኋላው አክስል (የኋላ ጎማዎቹን ከሚያገናኘው ዘንግ) ፊት ገባ። እዚያ ሲገባ አንገቱ በቅርብ የሚወጣበት ቦታ ጎን ሆነ።

ግራ ወይስ ቀኝ የሚለው ከዚያ በኋላ የመሐንዲሶቹ ውሳኔ ነው። የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ቧንቧ በአንድ በኩል ካለፈ የታንከሩ አንገት በሌላው በኩል ቢሆን ይመረጣል። ግለቱን መሸሽ ነው። ይህ ግን ሁሌም አይሠራም፤ ስለዚህ «ጭስ ማውጫውን አይቼ ክዳኑን አውቃለሁ» አትበዪ። ሁለተኛው ምክንያት የመንገዱ ዳር ነው። መኪና መንገድ ላይ ነዳጅ ቢጨርስ፣ በጄሪካን የሚሞላው ሰው ከሚያልፉት መኪኖች ራቅ ብሎ በእግረኛው በኩል ቢቆም ይሻላል። ጀርመን የሚነዳው እንደኛ በቀኝ ነው። እዚያ ዳሩ ቀኝ ነው። ቮልስዋገን፣ መርሴዲስ፣ ቢኤምደብሊው፣ አውዲ በአብዛኛው ክዳናቸው በቀኝ ነው። ጃፓን የሚነዳው በግራ ነው። እዚያ ዳሩ ግራ ነው። ቶዮታና ሱዙኪም በአብዛኛው ክዳናቸው በግራ ነው፤ ቪትዝሽም፣ ኮሮላም፣ ራይድ የሚሠሩባት ዲዛየርም። ብዙ ኒሳኖችና ሱባሩ ግን ጃፓን ተሠርተው ክዳናቸው በቀኝ ነው። እንግዲህ ሁሉም ለራሱ ቆርጧል።

አንድ ኩባንያ አንዴ ከወሰነ ደግሞ መሪው ቀኝ ይሁን ግራ በአብዛኛው ክዳኑን አያዛውርም። የጎኑ ቆርቆሮ፣ ታንከሩና ቧንቧው ሁሉ ተለይቶ መሠራት ይኖርበታልና ወጪው አያዋጣም። ስለዚህ «ክዳኑ በሹፌሩ በኩል ነው» የሚባለውን አትመኚ።

ሁሉም አንድ ዓይነት ቢሆን ይሻል ነበር ብለሽ ከሆነ፣ ያስጨነቀሽን ማደያ አስቢው። ማሽኑ መሃል ነው፤ መኪና በግራም በቀኝም ይቆማል። መግቢያው አንድ ነው። የሁሉም ክዳን በግራ ቢሆን ኖሮ ሁሉም የሚሰለፈው በአንዱ ጎን ብቻ ይሆን ነበር። ሌላው ጎን ባዶውን ይውላል። ያ የአንድ ሰዓት ሰልፍሽ ወደ ሁለት ይጠጋ ነበር። ድብልቅ መሆኑ ይጠቅመናል። ብቻ ሰልፉ አስፋልት ላይ ከመጀመሩ በፊት የትኛው ረድፍ የማሽኑ የትኛው ጎን ላይ እንደሚደርስ፣ የትኛውስ ቤንዚን የትኛው ናፍጣ እንደሆነ ዘበኛውን ወይም ከፊትሽ ያለውን ሰው ጠይቂ። መስኮት ዝቅ አድርጎ መጠየቅ አያሳፍርም።

በተሳሳተው ጎን ከቆምሽ ደግሞ አንዳንድ ቀጂ ቱቦውን በመኪናው ላይ ጎትቶ ይቀዳልሻል። ቱቦው በደንብ ከደረሰ ነዳጁ ላይ ችግር የለውም። ግን ተወጥሮ ከደረሰ መቅጃው ተጣሞ ነው የሚገባው። መቅጃው ጫፍ ላይ ታንከር ሲሞላ ራሱን የሚያቆምበት ትንሽ ቀዳዳ አለ። ሲጣመም ያለጊዜው ቀጭ እያለ ይቆማል፣ ወይም ይረጫል። ቀለምሽንም ይቧጭራል። ሰልፉ ካስቻለ ዞረሽ መምጣት ይሻላል።

አሁን እኔን በጣም ያሳሰበኝ የመጨረሻዋ ጥያቄሽ ናት፤ የመክፈቻዋ ነገር።

የክዳኑ መክፈቻ ከተሳፋሪው ወንበር ጎን ናት አልሽ። እንግዲያው መኪናሽ የተሠራችው ለጃፓን ነው። መሪዋ በቀኝ ነበር። ወደኛ ከመምጣቷ በፊት መሪዋ ወደ ግራ ተዛውሯል። እንዲህ የተዛወሩ ቪትዞች ብዙ አይቻለሁ። መሪው፣ ፔዳሎቹና ዳሽቦርዱ ይዛወራሉ። የቆዩት ቪትዞች ጌጆቻቸው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆኑ እነሱ ብዙ አይነኩም። መክፈቻዋን ከነዳጅ ክዳኑ ጋር የሚያገናኘው ሽቦ ግን ወለሉ ምንጣፍ ሥር ከቀኙ ወንበር ተነስቶ ወደ ኋላ የሚሄድ ነው። የሚያዛውሩት ሰዎች እሱን ለመቀየር አይደክሙም። ባለበት ይተዉታል። ስለዚህ መክፈቻዋ ድሮ ሹፌሩ በተቀመጠበት በኩል ቀረች። በራሱ ችግር የለውም። ግን መሪው የተዛወረ መኪና ስለሆነ፣ እባክሽ በዚህ ሳምንት የመሪውን ዘንግና የፍሬኑን ፔዳል ግንኙነት የምታምኚው መካኒክ ጋ ወስደሽ አሳዪ። በደንብ የተሠራ አለ፤ በጥድፊያ የተበየደም አይቻለሁ።

ከመክፈቻዋ ጋር አብሮ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። የመኪናሽ ክዳን በግራ የሆነው ጃፓን ውስጥ ግራ የመንገዱ ዳር ስለሆነ ነው ብለናል። እኛ አገር ግን በእኛ አቆጣጠር ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ የምንነዳው በቀኝ ነው። ዳሩ ቀኝ ሆነ። ስለዚህ አንቺ መንገድ ላይ ነዳጅ ብትጨርሺ፣ በጄሪካን የሚሞላልሽ ሰው የሚቆመው መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው፣ ጀርባውን ሰጥቶ።

አንድ ምሽት ከደብረ ብርሃን ስመለስ ያየሁትን አልረሳም። ጭለማ ነው። አንድ ወጣት መኪናውን አስፋልቱ ጠርዝ ላይ አቁሞ በግራ በኩል ጎንበስ ብሏል። የስልኩን መብራት በጥርሱ ይዟል። በአንድ እጁ ጄሪካን፣ በሌላው የተቆረጠ ሃይላንድ። እኔ ሳልደርስ አንድ አይሱዙ በአጠገቡ አለፈ። ነፋሱ ጃኬቱን ወደ ላይ ገለበጠው። ልጁ ግን ዞር ብሎም አላየም፤ ሐሳቡ ሁሉ ነዳጁ ላይ ነበር። ቆምኩና መኪናውን ገፍተን ከአስፋልቱ አወጣናት። የፈሰሰው ቤንዚን ሱሪው ላይ እስከ ጉልበቱ ድረስ ነበር።

ስለዚህ ይህ ከደረሰብሽ መጀመሪያ መኪናዋን ከአስፋልቱ ሙሉ በሙሉ ወደ ቀኝ አውጪ። ሞተሩ ሲንተፋተፍ ገና በጉልበቷ እየሄደች ሳለ ነው ይህን ማድረግ ያለብሽ፤ ከቆመች በኋላ መግፋት ይመጣል። አራቱንም ፍሬቻ አብሪ። ሦስት ማዕዘኑን ራቅ አድርገሽ ከኋላ አስቀምጪ። ሌላ ሰው ካለ እሱ የሚመጣውን መኪና ይጠብቅ፤ የሚሞላው ሰው ዓይኑ መንገድ ላይ ሊሆን አይችልም። ብቻሽን ከሆንሽና መንገዱ ጠባብ ከሆነ አትሙዪ። ከመንገዱ ወጣ ብለሽ ቆመሽ ሰው ጥሪ። በፍጥነት መንገድ ላይ ደግሞ በራስሽ ለመሙላት አትሞክሪ፤ የመንገዱን ሠራተኞች ጥሪ።

ሃይላንድ ቆርጦ መሙላት ለምን እንደሚያፈስም ልንገርሽ፤ ብዙ ሰው አያውቀውም። የቤንዚን መኪና ታንከር አንገት ውስጥ ጠበብ ያለ ቀዳዳና በስፕሪንግ የሚዘጋ ትንሽ በር አለ። የማደያው መቅጃ ገፍቶ ይከፍተዋል። የሃይላንዱ አፍ ግን ወፍራምና አጭር ስለሆነ እዚያ አይደርስም። ነዳጁ በሩ ላይ እየተንቧቸ ወደ ውጭ ይመለሳል። አንገቱ ቀጭንና ረዘም ያለ የፕላስቲክ ፈነል ገዝተሽ የኋላ ኮፈን ውስጥ አስቀምጪ። ውድ አይደለም። በዚሁ አጋጣሚ፣ የናፍጣ መቅጃ ከቤንዚኑ ወፈር ስለሚል አንቺ መኪና ውስጥ በቀላሉ አይገባም። ቀጂው «እምቢ አለኝ» ካለሽ በግድ አታስገፊው፤ ምን እየቀዳልሽ እንደሆነ እዪ።

ነዳጁ ከገባ በኋላ ቁልፉን ይዘሽ ሞተሪኖውን (ሞተር ማስነሻውን) በረጅሙ አታስጩኺው። ለአምስት ሰከንድ ያህል ሞክሪ፣ አሳርፊ፣ እንደገና ሞክሪ። የነዳጅ ፓምፑ ቧንቧውን እስኪሞላ ሁለት ሦስቴ ይፈልግ ይሆናል። ፓምፑ ያለው ታንከሩ ውስጥ ነው፤ የሚቀዘቅዘውም በነዳጁ ነው። ሪዘርቭ እያበራ መንዳት ልማድ ከሆነ ፓምፑን ያቃጥለዋል። ሰልፍ አታካች መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ጌጁ ሩብ ላይ ሲደርስ መሰለፍ ይሻላል።

ኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት የምታስቡም ይህን ጥያቄ ከመግዛታችሁ በፊት ጠይቁ። የቻርጅ ገመድ ወፍራምና ከባድ ነው፤ እንደ ነዳጅ ቱቦ መኪና ላይ አይጎተትም። የቮልስዋገን አይዲ 4 መሰኪያ በቀኝ ከኋላ ነው። የቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ በቀኝ ከፊት ነው። የቀደሙት የኒሳን ሊፍ መኪኖች አፍንጫቸው ላይ ነው። ግቢያችሁ ውስጥ ቻርጀሩ የሚሰቀልበት ግድግዳ በየት በኩል እንደሆነ አስቀድማችሁ ለኩ።

የመጨረሻ አንድ ነገር፣ ለመክፈቻሽ። ያ ሽቦ ያረጀ ነው። አንድ ቀን ስትስቢው ክዳኑ አልከፈት ቢል በጠመንጃ መፍቻ ከውጭ አትፈልቅቂው፤ ቀለሙም ማጠፊያውም ይበላሻል። የኋላ ኮፈኑን ክፈቺ። በግራ በኩል ከጎን ሽፋኑ ጀርባ እጅሽን ስታስገቢ የሽቦው ጫፍ ክዳኑን የያዘበትን ትንሽ መቆለፊያ ታገኚዋለሽ። ወደ ፊት ሳብ ስታደርጊው ይከፈታል። መጀመሪያ አንዴ በቀን ብርሃን ሞክሪው፣ እጅሽ እንዲለምደው።